ቱ ባይ ፎር ጅማ ሲደርስ፦ የ6 ተደራራቢ አልጋዎች ጉዳይ

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። ጅማ ውስጥ፣ ከከተማዋ መርካቶ ብዙም ሳይርቅ፣ የራሱ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። «መምህር፣ ጊዜ ካለዎት ብቅ ይበሉ እስቲ። ሥዕሉ ልክ ነው፣ እኔም የቆረጥኩት ልክ ነው፤ አልጋው ግን እምቢ አለኝ» አለኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ገደማ ሥራውን አብሬ ተከታተልኩ። በእነዚህ ወራት አንድ ዓይነት ስህተት በአምስት መልክ ሲመጣ አየሁ። አንዱን ያመጣሁት ደግሞ እኔ ራሴ ነኝ። እንጨት ሥራ ለሚሠራም ለሚያሠራም ይጠቅማል ብዬ ስላመንኩ ከነቁጥሩ አስቀምጬዋለሁ። የሰዎቹን ስም አልጽፍም።

ሥራው ምን ነበር

አሠሪዋ እትዬ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ግቢ አላቸው። ግቢያቸው ውስጥ 3 ክፍል ሠርተው ለሴት ተማሪዎች ሊያከራዩ ተዘጋጅተዋል። በየክፍሉ 2 ተደራራቢ አልጋ በአንድ ግድግዳ ላይ ተከታትለው ይቆማሉ። በጠቅላላው 6 አልጋ፣ 12 ተማሪ ማለት ነው።

ታናሽ ወንድማቸው አሜሪካ ነው። እዚያ በግንባታ ሥራ ላይ ተሰማርቶ የእንጨት ቤት አጽም ያቆማል። ለእህቱ ብሎ የአልጋውን ሥዕል ራሱ ሠራ። በሚመጣ ሰው እጅ ደግሞ የአልጋውን አግዳሚ የሚሸከሙ የዩ ቅርጽ ያላቸው ብረቶችና አንድ ካርቶን ቪቴ (ጥምዝ ምስማር) ላከ። ሥዕሉ ላይ የክፍሉን ስፋት በሜትር ጽፎታል፤ እህቱ የነገሩትን ነው። እንጨቱን ግን ራሱ በለመደው የኢንች ስም ጻፈው። ቋሚው ሁለት «2 በ 4» (ቱ ባይ ፎር) ጎን ለጎን ተጣብቀው፣ አግዳሚው «2 በ 6»፣ የፍራሽ መደገፊያው ርብራብ «1 በ 4»።

ባለሙያው ኢንቹን ወደ ሳንቲ ቀየረ። አንድ ኢንች 2.54 ሳንቲ ነው። ስለዚህ 2 በ 4 ማለት 5 በ 10፣ 2 በ 6 ማለት 5 በ 15። እንጨት ቤት ሄዶ የፈረንጅ ጥድ 5 በ 10 ባለ 4 ሜትር 40 ፍሬ፣ 5 በ 15 ደግሞ 18 ፍሬ ገዛ። ሂሳቡ ልክ ነበር። ማንኛውም ጥንቁቅ ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረገው።

ችግሩ እንዴት ታየ

አንድ ነገር አድንቄለታለሁ። ስድስቱንም በአንድ ጊዜ አልቆረጠም። አንዱን ጨርሶ ካቆመ በኋላ ሁለተኛውን ሊቀጥል ነበር። ጉዳቱ ያነሰው በዚህ ነው።

መጀመሪያ እምቢ ያለው ብረቱ ነው። የዩ ብረቱ አፍ ወደ 40 ሚሊ ነው። የአግዳሚው ውፍረት 48 ሚሊ። አይገባም። ባለሙያው «ብረቱን ተሳስቶ ነው የላከው» ብሎ ደመደመ። የአግዳሚዎቹን ጫፎች በመሮ ሸርፎ አስገባቸው። ስምንቱን ጫፍ ሸርፎ ሲጨርስ አንዱ ቪቴው በገባበት በኩል ተሰነጠቀ።

ቀጥሎ ቋሚው ተነቃነቀ። ሁለቱን እንጨቶች ያጣበቀው በተላከው ቪቴ ነው። ቪቴው 64 ሚሊ ይረዝማል። የመጀመሪያውን እንጨት አልፎ ለመውጣት 48 ወይም 50 ሚሊውን ይጨርሳል። ሁለተኛው እንጨት ውስጥ የሚገባው 15 ሚሊ አካባቢ ብቻ ነው። እኔ ስደርስ የላይኛውን አልጋ ጠርዝ ይዤ ነቀነቅሁት። በሁለቱ እንጨቶች መካከል ያለው ስንጥቅ ሲከፈትና ሲዘጋ በዓይኔ አየሁት። ከታች የሰው ልጅ ይተኛል። ያንን ሳይ ስለ ልክ መጨቃጨቅ የጥራት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ተሰማኝ።

ሦስተኛው ነገር ርዝመቱ ነው። በሥዕሉ መሠረት የአልጋው ውስጥ 1 ሜትር ከ92 ነው። የሁለቱ ጫፍ ቋሚዎች ሲጨመሩ ጠቅላላው 2 ሜትር ከ7 ሳንቲ ገደማ መሆን ነበረበት። እሱ የሠራው ግን 2 ሜትር ከ12 ሊሞላ ጥቂት ሚሊ ብቻ ቀርቶታል። ሁለቱ ሲደረደሩ 4 ሜትር ከ23 ያልፋሉ። ግድግዳው 4 ሜትር ከ20 ነው ተብሏል።

«ተብሏል» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

2 በ 4 ስም ነው

ማታ ላይ ወንድማቸው ዘንድ ደወልን። እዚያ ገና ረፋድ ነበር። ባለሙያው የአግዳሚውን ውፍረት ሲነግረው ዝም አለ። ከዚያ፣ «ወንድሜ፣ ቱ ባይ ፎር እኮ አንድ ተኩል በሦስት ተኩል ነው! ይቅርታ፣ እዚህ ሁሉም ስለሚያውቀው መጻፉ ትዝ አላለኝም» አለ።

አሜሪካ ውስጥ 2 በ 4 የተባለው እንጨት ተለክቶ ሲታይ 1 ተኩል በ 3 ተኩል ኢንች ነው። በእኛ 38 በ 89 ሚሊ። ከእንጨቱ ላይ 2 ኢንችም 4 ኢንችም አይገኝም፤ ቁጥሩ የእንጨቱ መጠሪያ ነው። እኔ ይህንን «የስም ልክ» እለዋለሁ፤ ሜትር የሚያሳየውን ደግሞ «የእውነት ልክ»።

ስሙ ከየት መጣ? እንጨቱ ከግንዱ ሲሰነጠቅ ወደ 2 በ 4 የሚጠጋ ሻካራ እንጨት ነበር። ከዚያ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ይሸበሸባል። ከዚያ በአራቱም ጎን ይላጋል፤ ሲላግ ይቀንሳል። ገዢው እጅ የሚደርሰው የቀረው ነው፤ መጠሪያው ግን የድሮው ሆኖ ቀረ። የቀረው ስንት ይሁን የሚለውም አከራክሯቸዋል። አንድ ወጥ አገራዊ ደረጃ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። ያኔ የተላገው 2 በ 4 ውፍረቱ 1 ኢንች ከ5/8፣ ስፋቱ 3 ኢንች ከ5/8 ነበር። የዛሬው 1 ተኩል በ 3 ተኩል የጸናው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ይህም የደረቀ እንጨት ልክ ነው፤ ደረቅ የሚሉት የውሃ መጠኑ 19 በመቶ ወይም ከዚያ በታች የሆነውን ነው።

የአሜሪካ ሥዕል ለሚደርሳችሁ ሁሉ አካሄዱ ይኸው ነው። ስሙ 2 የሆነ ውፍረት 38 ሚሊ ነው። ስሙ 1 የሆነ ውፍረት 19 ሚሊ ብቻ ነው፤ ሩብ ኢንች ይቀነስለታል። ስፋት ላይ እስከ 6 ድረስ ግማሽ ኢንች ይቀነሳል፤ 4 ሲባል 89፣ 6 ሲባል 140 ሚሊ። ከ8 ጀምሮ ደግሞ ሦስት ሩብ ኢንች ይቀነሳል፤ 8 ሲባል 184፣ 10 ሲባል 235፣ 12 ሲባል 286 ሚሊ። ርዝመት ግን አይነካም። 8 ጫማ ከተባለ 8 ጫማ ነው። ይህ ሁሉ ለግንባታ ለሚውለው ለስላሳ እንጨት ነው። የቤት ዕቃ የሚሠራበት ጠንካራ እንጨት እዚያ በሌላ መንገድ ይጠራል። ውፍረቱ በሩብ ኢንች እየተቆጠረ 4/4፣ 8/4 ይባላል፤ ቁጥሩም ሳይላግ ያለውን ያመለክታል።

አሁን ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። የብረቱ አፍ ለ38 ሚሊ እንጨት የተሠራ ነው። 64 ሚሊው ቪቴ 38 ሚሊ አልፎ ሁለተኛው እንጨት ውስጥ 26 ሚሊ ይነክሳል። ሁለት 38 ሲደመሩ 76 ነው፤ የአልጋው ርዝመት በዚህ የተሰላ ነው። ወንድምየው አልተሳሳተም። ባለሙያውም አልተሳሳተም። ሁለቱ የተነጋገሩት በአንድ ቁጥር ነው፤ በልባቸው ያለው እንጨት ግን የተለያየ ነበር።

የእኛ 5 በ 10ስ?

እዚህ ላይ ብንቆም ኖሮ ነገሩ የፈረንጅ ጣጣ ሆኖ ይቀር ነበር። ግን ባለሙያው ግቢ ውስጥ የተከመረውን እንጨት አንድ በአንድ ለካሁት። ከ40ው ፍሬ «5 በ 10» የቀረውን በሙሉ።

በጣም ቀጭኑ 45 ሚሊ ወጣ። ወፍራሙ 51። አብዛኛው 47 እና 48። ስፋታቸው ከ96 እስከ 101። አንዱ እንጨት በአንድ ጫፉ 49፣ በሌላው 46 ነበር። ልክ 50 በ 100 የሆነ አንድም አላገኘሁም።

ወደ እንጨት ቤቱ ሄጄ ጠየቅሁ። ማሽኑ ላይ የሚሠራው ሰው በቀጥታ መለሰልኝ፦ «5 ማለት ከነመጋዙ ነው።» መጋዙ በሄደበት ሁሉ 3 እና 4 ሚሊ እንጨት ሰጋቱራ ሆኖ ይወድቃል። እሱ ግንዱን ሲከፋፍል 5፣ 5 ሳንቲ እያደረገ ያስኬዳል፤ የመጋዙ መንገድ ከውስጡ ይቀነሳል። ይህ ማታለል አይደለም። የእነሱ አሠራር ነው፤ ለሚጠይቃቸውም ይናገራሉ። የሚጠይቃቸው ሰው ግን ብዙ አይደለም።

ስለዚህ እኛም የስም ልክ አለን። ልዩነቱ የአሜሪካኑ በአገራዊ ደረጃ የታሰረ መሆኑ ነው። ስሙ 2 ከሆነ ሁሌም 38 ነው፤ አንዴ ያወቀ ሰው አይሸወድም። የእኛ 5 ግን ዛሬ 45፣ ነገ 51 ሊሆን ይችላል። ለእኛ ሰው ሜትር ማውጣት የግድ የሚሆነው በዚህ የተነሳ ነው።

ያልሠራው መፍትሔ

ሦስት መንገድ ነበረን። አንደኛ፣ ሥዕሉን ለ48 ሚሊ እንጨት እንደገና መሥራትና ብረቱን እዚሁ ብየዳ ቤት በ5 ሳንቲ አፍ ማሠራት። ሁለተኛ፣ እንጨቱን በሙሉ 38 በ 89 እና 38 በ 140 አድርጎ መላግ። ሦስተኛ፣ ቋሚውን ልጎ አግዳሚውን መተው።

የመረጥነው ሁለተኛውን ነው። ግድግዳው ጠባብ ስለነበር ቋሚው የግድ መቅጠን ነበረበት። ብረቱም ተልኮ መጥቷል። ባለሙያው በአግዳሚው መቅጠን ደስ አላለውም። «3.8 አይሸከምም፣ መምህር» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ተኝቶ ሸክም የሚሸከም እንጨት ሲጎብጥ ከውፍረቱ ይልቅ ቁመቱ ይበልጣል። ውፍረቱን እጥፍ ብታደርግ ላለመጉበጥ ያለው ጥንካሬ እጥፍ ይሆናል፤ ቁመቱን እጥፍ ብታደርግ 8 እጥፍ ይሆናል። 14 ሳንቲ ቁመት ያለው አግዳሚ 1 ሜትር ከ92 ላይ ለአንድ ሰው አልጋ ከበቂ በላይ ነው። አሜሪካኖቹም ሸክሙን የሚያሰሉት በ38 በ 140 እንጂ በስሙ አይደለም።

ከዚያ ስህተቴን ሠራሁ። «እንግዲህ ወስደህ አስልገው» አልኩት። 16 ፍሬ 5 በ 10 ማሽን ቤት ተወስዶ ያንኑ ቀን ተላገ። ሲመጣ ለካሁት። 38 በ 89፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። እንዴት ያምር ነበር! በሳምንቱ ባለሙያው ደወለ። ስፋቱ 88 ሆኗል። ከዚያ 87። ወር ሳይሞላው አብዛኛው 86 እና 87 ነበር። ውፍረቱም ከ38 ወርዶ 37 ሆነ። ሦስት ፍሬ ደግሞ ተጣመመ።

እንጨቱ እርጥብ ነበር። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ ጅማ ደግሞ ዝናቧ የታወቀ ነው። ግንዱ ተቆርጦ ብዙ ሳይቆይ ተሰንጥቆ የተሸጠ እንጨት ነው። እጄን ስጭንበት መቀዝቀዙ ይሰማኝ ነበር፤ ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ። ምክሩ የእኔ ስለነበር የ16ቱን ፍሬ የማሽን ዋጋ እኔ ከፈልኩ።

የእሸት ቡናና የጀንፈል ነገር

ለአሠሪዋ ይህንን ማስረዳት ከባድ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። የተከራይ ተማሪዎች እየጠበቁ ነው። እኛ ደግሞ «እንጨቱ እስኪደርቅ እንታገሥ» ልንል ነው። እሳቸው ግን የቡና ቤተሰብ ልጅ ናቸው። ጥቂት ሰሙኝና፣ «አንተ ልጅ፣ እሸት ቡና ሰፍረህ ጀንፈል ይሆነኛል ብለሃላ!» አሉ።

ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ጅማ ውስጥ ቡና የሚገዛ ሰው ኪሎውን ከመስማቱ በፊት እሸት ነው ወይስ ደረቅ፣ ጀንፈል ማለት ነው፣ ብሎ ይጠይቃል። ቀዩን ፍሬ በደረቁ ዋጋ የሚገዛ የለም። እንጨት ስንገዛ ግን ይህ ጥያቄ ከአፋችን አይወጣም።

እንጨት ውስጥ ያለው ውሃ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ ቱቦ በሆነው ቀዳዳው ውስጥ ያለው ነው። ይህ ሲወጣ እንጨቱ ይቀልላል እንጂ አይሸበሸብም። ሁለተኛው የእነዚህ ቀዳዳዎች ግድግዳ ራሱ የጠጣው ነው። የውሃው መጠን ከ30 በመቶ ገደማ ሲወርድ ይህኛው መውጣት ይጀምራል፤ ያኔ እንጨቱ ይኮማተራል። ርዝመቱ የሚቀንሰው ከቁብ የማይገባ ነው። ስፋቱና ውፍረቱ ግን ይቀንሳል። የዛፉን ቀለበት ተከትሎ የሚቀንሰው ከመሃሉ ወደ ልጡ ከሚቀንሰው እጥፍ ገደማ ነው። የሚጣመመውም በዚህ አለመመጣጠን ነው።

የጅማ በርጩማ የሚሠሩ ሰዎች ይህ ችግር ብዙም አይገጥማቸውም። ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ከአንድ የዋንዛ ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል። መጋጠሚያ ስለሌለው አንዱ ልክ ከሌላው ጋር መግባባት አይጠበቅበትም። አልጋ ግን በሙሉ መጋጠሚያ ነው።

የሠራው መፍትሔ

ቀሪውን እንጨት ሳይላግ ሻካራውን እንዲደርቅ ተውነው። ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያልፍበት በኩል ደረደርነው። በየንብርቡ መካከል እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን መለያያ እንጨቶች አስገባን። መለያያዎቹ ከታች እስከ ላይ በአንድ መስመር ነው የተቀመጡት፤ ካልሆነ እንጨቱ በመሃል ይሰረጉዳል። ፀሐይ በቀጥታ እንዳያገኘው አደረግን። የእንጨቶቹን ጫፍ ቀለም ቀባናቸው። ጫፍ ከሌላው ቦታ በፍጥነት ስለሚደርቅ ካልተቀባ ይሰነጠቃል።

የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ አልነበረንም። ባለሙያው ከአንድ እንጨት መሃል 30 ሳንቲ ቆረጠ፤ ሁለቱን ጫፍ ቀለም ቀባና ክምሩ መካከል አስገባው። በየሳምንቱ ጎረቤት ያለ ቡና ነጋዴ ሚዛን ላይ እየወሰደ ይመዝነው ነበር። ቁጥሩን በጠመኔ በር ላይ ይጽፋል። 845 ግራም። 742። 668። 631። 618። 614። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ቁጥሩ መውረዱን ሊያቆም ምንም አልቀረውም። እንጨቱ ከጅማ የበጋ አየር ጋር ተስማማ ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ማሽን ቤት ተወሰደ። ሻካራ 47 የነበረው ደርቆ 46 ገደማ ሆኗል፤ 38 ለማውጣት 8 ሚሊ ተርፎናል። ቀጭኑም፣ 45 የነበረው፣ አላሳፈረንም። 38 በ 89 ወጣ። ከወር በኋላም ስለካው ያው 38 በ 89 ነው።

ይህንን ሂደት ሳየው አንድ ነገር ገባኝ። እኛ ያደረግነው የአሜሪካ መሰንጠቂያ የሚያደርገውን ነው። ወደ 5 በ 10 በሚጠጋ ሻካራ እንጨት ተነሳን፣ አደረቅን፣ ላግን፤ እጃችን ላይ የቀረው 1 ተኩል በ 3 ተኩል ኢንች ነው። ያ ተኩል ከየት እንደጠፋ በሰጋቱራውና በሚዛኑ ላይ ቆጥሬ አየሁት።

የግድግዳው ነገር

ወደ 4 ሜትር ከ20ው ልመለስ። አልጋዎቹ ከመገጣጠማቸው በፊት ክፍሎቹን ራሴ ለካሁ። ከልስን እስከ ልስን 4 ሜትር ከ17 ነው። 4 ሜትር ከ20 የተለካው ብሎኬቱ ሲቆም ነበር፤ ከዚያ ተለሰነ። ከሥር ደግሞ ዞኮሎ (በግድግዳው ግርጌ የሚለጠፍ ጠርዝ) ተደርጎበታል፤ በየጎኑ አንድ አንድ ሳንቲ ይወስዳል። ስለዚህ ወለሉ ላይ የቀረው 4 ሜትር ከ15 ነው። ሁለት አልጋ በሥዕሉ ልክ 4 ሜትር ከ14 ተኩል ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ይገባል፤ ግን ጣት ማስገቢያ አይኖረውም፤ ግድግዳው ትንሽ ከተንጋደደ ደግሞ አለቀ።

የአልጋውን ውስጥ ከ1.92 ወደ 1.91 አወረድነው። ፍራሹ 1.90 ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል 2 ሳንቲ ከምናምን መላወሻ ተገኘ።

አምስተኛው የስህተቱ መልክ ኮምፔንሳቶው (ከተጣበቁ ስስ እንጨቶች የሚሠራው ጣውላ) ነው። ለላይኛው አልጋ ጎን መከለያ «18» ተብሎ የተገዛው 17.2 ሚሊ ወጣ። እሱ የሚገባበት ፍልፍል ገና ስላልተሠራ በተለካው ልክ ተሠራ፤ ችግር አልፈጠረም። አሜሪካም ሦስት ሩብ ኢንች የሚባለው ኮምፔንሳቶ ብዙ ጊዜ 23/32 ኢንች ነው፤ ወደ 18 ሚሊ።

ርብራቡን ግን አልነካነውም። ሥዕሉ 19 ሚሊ ይላል፤ የእኛ ጣውላ ተልጎ 22 ወጣ። ፍራሹ 3 ሚሊ ከፍ ይላል፣ በቃ። ከሌላ ነገር ጋር የማይገጥም ልክን ለማስተካከል ጉልበትም እንጨትም ማባከን አልፈለግንም።

ሲገመገም

የሠራልን ነገር ብዙ ነው። አንድ አልጋ ብቻ አስቀድሞ መሥራቱ፣ ሻካራውን ማድረቁ፣ ሚዛኑ፣ ክፍሉን እንደገና መለካቱ። ቪቴው በ38 ሚሊ ላይ ሲገባ ኮላ ተጨምሮበት ቋሚው አንድ እንጨት ሆነ። ነቅንቄው ነበር፤ ድምፅ አልነበረውም።

ያልሠራው ደግሞ ይህ ነው። እርጥቡን መላጋችን 16 ፍሬ እንጨት አበላሸብን፤ ከዚያ ውስጥ 9ኙን ለአጭር መስቀለኛ ተጠቀምንበት። አሠሪዋ የሁለት ወር ኪራይ አጥተዋል። ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ አሁንም ያሳዝነኛል። ሌላም አለ። ዛሬ ብንጀምረው አግዳሚውን 46 ሚሊ ትቼ ብረቱን እዚሁ ብየዳ ቤት አሠራ ነበር። የተላከ ዕቃ ስለሆነ ብቻ ብረቱን የሙጥኝ አልን። የቀረው 5 በ 15 በሙሉ ለብረቱ አፍ ሲባል ተላገ።

ለሌላ ሥራ የሚወሰድ

የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት በስንት ነው?» ሳይሆን «ይህ ቁጥር መቼ የተለካ ነው?» ይሁን። ሲሰነጠቅ? ሲደርቅ? ሲላግ? አንድ እንጨት በሦስቱም ጊዜ ሦስት ልክ አለው፤ ስሙ ግን አንድ ነው።

ከውጭ በመጣ ሥዕል ላይ ኢንችን በ2.54 ከማባዛታችሁ በፊት የስም ልክ መሆኑን እዩ። መለያው ቀላል ነው። ሥዕሉ ላይ የእንጨቶቹን ውፍረት ደምሩና ከጠቅላላው ልክ ጋር አስተያዩ። ሁለት «2» ተደምረው 3 ኢንች ካወጡ የእውነት ልኩ 1 ተኩል ነው። የእኛ ሥዕል ይህንን በአምስት ደቂቃ ይነግረን ነበር።

ተገላቢጦሹን ደግሞ እጅግ አጥብቄ እናገራለሁ፤ ጣሪያ ላይ ሰው ይጎዳልና። እዚህ አገር የተሰላ ሥዕል 5 በ 15 ካለ፣ የተላገ 38 በ 140 አታቅርቡለት። ላለመጉበጥ ያለው ጥንካሬ ወደ 62 በመቶ ይወርዳል። 5 በ 10 በ38 በ 89 ሲተካ ደግሞ 54 በመቶ ገደማ ብቻ ይቀራል። በዓይን ሲታይ ልዩነቱ የጣት ያህል ነው፤ ሸክሙ ላይ ግን ግማሽ ሊጠጋ ምንም አይቀረው።

ዋጋም አለበት። 5 በ 10 ባለ 4 ሜትር 50 ፍሬ በስም 1 ሜትር ኩብ ነው። እኛ የገዛነው በአማካይ 47 በ 98 ስለነበር በዚያ ልክ 50 ፍሬ 0.92 ሜትር ኩብ ይሆናል። ተልጎ ሲያልቅ የሚቀረው 0.68 ነው። ለደንበኛ ዋጋ የሚሰጥ ባለሙያ ይህንን ካላሰበ ሰጋቱራውን ከኪሱ እየከፈለ ነው። አሜሪካም እንጨት የሚሸጠው በስሙ ልክ ተሰልቶ ነው፤ ስለዚህ ሻጩን ከመክሰስ ስሌቱን ማወቅ ይሻላል።

በመጨረሻም፣ ከተከመረው አንዱን ብቻ አንስታችሁ አትለኩ። ቀጭኑን ፈልጉ። የምትልጉት ልክ የሚወሰነው በቀጭኑ ነው።

አሁን ያለበት

አልጋዎቹ ጥር ላይ ገብተዋል፤ ክፍሎቹም ተከራይተዋል። የመጀመሪያው አልጋ ፈርሶ ቋሚዎቹ እንደገና ተላጉ፤ በመሮ የተሸረፉት አግዳሚዎች የባለሙያው እንጨት መደርደሪያ ሆነዋል። የትእዛዝ ወረቀቱ ላይ አሁን ከልኩ ጎን ሁለት ቃል ይጽፋል፦ ሻካራ ወይም የተላገ፣ እርጥብ ወይም ደረቅ። ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ያለው የግራው አልጋ አንድ ቋሚው ላይ 1 ሚሊ ያህል ክፍተት አሳይቷል። ከተላገው እርጥብ እንጨት የዳነ አንድ ፍሬ እዚያ ገብቶ ይሆናል ብለን ጠርጥረናል። ክረምት ከመግባቱ በፊት ቪቴው እንደገና ጠብቆ ይታሰራል፤ ካልሆነም ቋሚው ይቀየራል።